ጢስን መቀነስ የእርዳታ ሥራ ነውን?

(በደጋፊዎቻችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከድርጅቱ የግብርና ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመት ከምናካሂዳቸው ሥራዎች መካከል የተጨፈጨፈ ደንን ከጉቶው መልሶ ማልማትና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ማዳረስ እንደሚገኙባቸው በዜና መጽሔታችን ካስታወቅን ወዲህ ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ የማበረታቻ ቃል የያዙ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ቅር መሰኘታቸውን በግልጽ ጽፈውልናል፤ እኔም ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት በተለይ ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ነው። አንደኛው ቅሬታ «እኛ በየወሩ የምናዋጣው ለተራበ ሰው እህል እንዲገዛበት እንጂ የዓለምን ሙቀት እንድትለኩበት አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ዓለምን በጢስ የሞሏት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ሆነው ሳለ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ሽሮዋን የምታበስል እናት ጢስሽን ቀንሺ የምትባለው ስለ ምንድን ነው?» ይላል። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ብዙ እውነት አለበት፤ እርሱንም ሳልሸሽ ለመናገር እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንይ። በብርድ ሌሊት ጋቢ የሚደርብ ሰው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጋቢው አይደለም። ጋቢ በውስጡ እሳት የለውም። የሚያሞቀው የገዛ ገላው ነው፤ ጋቢው የሚሠራው ሥራ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። ምድራችንም እንዲሁ ናት። ፀሐይ ታሞቃታለች፤ እርስዋም ያንን ሙቀት ወደ ጠፈር መልሳ ትለቃለች። በአየር ውስጥ ያሉት እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና የውሃ ተን ያሉ ጋዞች ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀራሉ። ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚባሉትም ስለዚህ ነው። ይህ ጋቢ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት አሁን ካለበት በ33 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይል ነበርና ጋቢው በረከት ነው። ችግሩ የሰው ልጅ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ መደረብ መጀመሩ ነው።

የድንጋይ ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖሩ ዕፀዋትና ጥቃቅን ፍጥረታት ከመሬት በታች ተቀብረው የቀሩባቸው ናቸው። በውስጣቸው ያለው ካርቦን በሚቃጠሉበት ጊዜ ወደ አየር ይወጣል። የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት በእያንዳንዱ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ ያለማቋረጥ መለካት ሲጀመር ቁጥሩ 315 ገደማ ደርሶ ተገኘ። ዛሬ ከ420 አልፏል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ ተሰብስበው የሙቀቱን ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በብዙ ዝቅ ለማድረግ፣ ቢቻልም በ1.5 ዲግሪ ለመግታት ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. 2024 ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ ብልጫ የታየበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ። እርግጥ ነው፣ አንድ ዓመት ብቻውን ስምምነቱ ፈረሰ አያሰኝም፤ የሚታየው የብዙ ዓመታት አማካይ ነው። 1.5 ዲግሪ በጆሮ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። የልጇ ገላ ከ37 ወደ 38.5 የወጣባት እናት ግን ትንሽ ነው ብላ አትተኛም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ።

የቦረና ከብት አርቢ ዓመቱን የሚቆጥረው በሁለት ዝናብ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንበው ዋና ዝናብና በጥቅምትና በኅዳር በሚመጣው አጭር ዝናብ። አንዱ ቢቀር ሌላው ይደርስለታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ግን አምስት ዝናብ በተከታታይ ሳይሆን ቀረ። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች፣ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች አለቁ። ገበሬ አንድ አዝመራ ቢበላሽበት ዘር ካገኘ በሚቀጥለው ክረምት ይዘራል፤ መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር ግን ዝናቡ በተመለሰ ማግሥት አይድንም። ጥጃ ላም እስክትሆን ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያው ወተት የለም፤ የሚሸጥ ወይፈን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሳይንቲስቶች ይህን ድርቅ መርምረው የደረሱበት ውጤት እኛን እርዳታ ሠራተኞቹን ሊያስደነግጠን የሚገባ ነው። የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ሙቀት መጨመር እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረስ ዕድሉን ወደ 100 እጥፍ አሳድጎታል። ምክንያቱ የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የዘነበውንም ጥቂት ዝናብ የሞቀው አየር ከመሬቱና ከሣሩ ላይ መጥጦ ወሰደው። ምድር እንደ ቀድሞው ቀዝቃዛ ብትሆን ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ያን የመሰለ ድርቅ አያስከትልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ድርቅ ሁሉ ከጢስ መጣ ማለት አይደለም። በአገራችን ድርቅ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ በ1977 ዓ.ም. ያለቀውንም ሕዝብ የጨረሰው የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ጦርነቱና የዘመኑ አስተዳደር ጭምር ነው። ሁሉን ነገር በአየር ንብረት የሚያሳብብ ባለ ሥልጣን ቢያጋጥማችሁ በጥንቃቄ አድምጡት። ነገር ግን ድርቁ ድሮ ይመላለስበት የነበረው የዓመት ርቀት እያጠረ፣ ሲመጣም እየበረታ ከሄደ፣ እኛ በየዓመቱ የምንልከው እህል ሁልጊዜ ዘግይቶ ሁልጊዜም አንሶ ይገኛል። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ሳፋ እየደቀኑ መኖር ማለት ይህ ነው። ሳፋው ይነሣ የሚል ማንም የለም። ጣሪያውን የሚያይ ሰው ግን ከቤተሰቡ መካከል ሊገኝ ይገባል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ስናገር ደግሞ ጥያቄውን ያቀረበው ሰው ከእኔ የባሰ ቁጥር ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ዓለም በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ደርሷል። ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል አንድ አሜሪካዊ በዓመት ወደ 14 ቶን ይደርሰዋል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። አሜሪካዊው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚለቀው ኢትዮጵያዊው ዓመቱን ሙሉ ከሚለቀው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በሙቀቱ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ዋነኛው ቅነሳ የሚጠበቀው ከባለ ጠጎቹ አገሮችና ከታላላቆቹ ባለ ፋብሪካዎች ነው። ይህን ሳይናገሩ ድሀውን ስለ ማገዶው መምከር ግብዝነት ነው።

አይቻልም የሚሉ ካሉ፣ መቻሉ በእንግሊዝ አገር ታይቷል። ለሕዝብ መብራት የሚሰጥ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በዚያው አገር የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ተዘጋ። ነገሩ የጀመረበት አገር ከ142 ዓመት በኋላ ተወው። መብራቱም አልጠፋም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሆናችሁ የምትረዱን ወገኖቻችን ይህን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናንተ ከምትልኩት ገንዘብ ሌላ እኛ እዚህ የሌለን ነገር በእጃችሁ አለ። ድምፅ የምትሰጡት እዚያ ነው፤ ቤታችሁን የምታሞቁበትን፣ የምትነዱትን መኪና የምትመርጡት እዚያ ነው። ለቦረና አርብቶ አደር አንድ ኩንታል ስንዴ የሚልክና ስለ ጢሱ የአካባቢውን ተመራጭ የሚጠይቅ ሰው በእኔ ግምት እርዳታውን ሁለት ጊዜ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗልና፣ እኛም በበኩላችን ይህንኑ ጥያቄ በደጃችን ለማንሣት ዕድል ይኖረናል።

እንግዲህ ጥፋቱ በአብዛኛው የሌላው ከሆነ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም የምልበት ምክንያት ቀላል ነው። በእኛ አገር ጢስን የሚቀንሰው ሥራ አስቀድሞ ሠሪውን የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። ይህንንም በቃል ሳይሆን በሥራ ያየነው በሁምቦ ነው።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ሰው የሁምቦ ተራሮች ይታዩታል። ደኑ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ እየተባለ ተመንጥሮ ተራራው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ከታች ባለው ማሳ ላይ ይደፋው ነበር። እንደ እኛው በእርዳታ ሥራ የተሰማራው ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ2006 ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሥራ ሲጀምር ከተራራው 2,728 ሄክታር ተከለለ። ከተከለለው ቦታ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነው ያገገመው ችግኝ ተተክሎበት አይደለም፤ ከመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ ከቆየው ጉቶና ሥር አቆጥቁጦ ነው።

ጉቶ ማቆጥቆጡን የማያውቅ ገበሬ የለም። የማይታወቀው ቢተዉት ዛፍ እንደሚሆን ነው። አንድ ጉቶ ሃያና ሠላሳ ቀንበጥ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ፍየል ይቀነጥበዋል፣ ማገዶ ለቃሚ ይቆርጠዋል፣ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ሥራው ከእነዚህ መካከል ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ጥቂት ቀንበጦች መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መቁረጥ፣ የጎን ቅርንጫፎቻቸውን እየከረከሙ ማሳደግ፣ ከብትም እንዳይገባ መጠበቅ ነው። የተከረከመው ራሱ ማገዶ ይሆናል። ችግኝ ሥሩ አጭር ስለሆነ የመጀመሪያው በጋ ይገድለዋል፤ የጉቶው ሥር ግን ከውሃው ዘንድ የደረሰ ነው። ዋጋውም ከችግኝ ጋር አይወዳደርም። እኛ ሰዎች ችግኝ መትከል የምንወደው በዓል ስለሚሆንልን ይመስለኛል። ከችግኝ ጋር ፎቶግራፍ ያልተነሣ ባለ ሥልጣን የለም፤ ከጉቶ ጋር የተነሣ ግን እስካሁን አላየሁም።

ይህን ዘዴ በሰፊው ያሳወቀው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጀር አገር በማራዲ አውራጃ በሚስዮን ሥር ችግኝ ያስተክል ነበር፤ አብዛኛው ችግኝ ግን ይደርቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን በአሸዋማ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ሳለ ከአጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ቀርቦ ቢያየው፣ ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ሆኖ አገኘው። በሚቀጥለው ዓመት ረሃብ ሆነ፤ ሰዎች በእርሻቸው ላይ ያሉትን ጉቶዎች ጠብቀው እንዲያሳድጉ እህል በክፍያ መልክ ተሰጣቸው። እህሉ ሲያቆም ብዙዎቹ ዛፎቹን መልሰው ቆረጡ። ይህን የምነግራችሁ ሥራችን የሚሳሳበት ቦታ እርሱ ስለሆነ ነው። ሰው እህል ስለተሰጠው ብቻ የሚጠብቀው ዛፍ እህሉ ሲያልቅ ያልቃል። በኒጀር ነገሩ ሥር የያዘው፣ ቀድሞ በሕግ የመንግሥት ይባል የነበረውን ዛፍ ገበሬው እንደ ራሱ ንብረት ማየት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ማንም አዛዥነት ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ በሃያ ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ ለበሰ።

በሁምቦም ቁልፉ ይኸው ነበር። በመጀመሪያ ብዙ ሰው መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ ቢጠራጠርም አይፈረድበትም። ነገሩ የተቃናው ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከተሰጣቸው በኋላ ነው። በተከለለው ቦታ ሣር እያጨዱ ለከብቶቻቸው ያቀርባሉ፤ የደረቀ እንጨት ይለቅማሉ፤ ጎርፉም ቀንሷል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ግን ጠንቀቅ ብለን ልናየው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 የሁምቦ ሥራ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ደንብ መሠረት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከታላላቆቹ የደን ሥራዎች የመጀመሪያው ነበር። ዛፎቹ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባሉ ተብሎ ታሰበ፤ ከዚህም 165,000 ቶን የሚሆነውን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ገቢ ሆኖ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ተሠራበት። መልካም ነገር ነው። ገበሬው ለዓለም የሚጠቅም ሥራ ሠርቶ ዋጋውን ማግኘቱን የሚቃወም ሰው አልገባኝም።

ነገር ግን ለሁምቦ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ጊዜያዊ እንዲሆን ተደርጓል። የደንቡ ጸሐፊዎች ይህን ያደረጉት በበቂ ምክንያት ነው። ዛፍ የያዘው ካርቦን አደራ ነው፤ እሳት ቢነሣ፣ ወይም ተጠቃሚዎቹ ተቸግረው ከሰል ቢያከስሉት፣ ወደ አየር ይመለሳል። ከመሬት ሥር ወጥቶ የተቃጠለው የድንጋይ ከሰል ካርቦን ግን ከፊሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት በአየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ለሁምቦ ገበሬ ጥቂት ከፍሎ በዚያ ሰበብ የፋብሪካውን ጢስ እንደ ቀድሞው የሚለቅ ኩባንያ ዘላለማዊውን ዕዳ በጊዜያዊ አደራ ሊሸፍን ይሞክራል። ድርጅታችን ወደ ፊት እንዲህ ያለ ገዢ ቢመጣለት፣ በበኩሌ የምመክረው የገዢው የራሱ ጢስ ከዓመት ወደ ዓመት መቀነሱን የሚያሳይ መዝገብ ሳይቀርብ ውል እንዳይፈረም ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የአመራር ጉባኤው ገና አልተወያየበትም። ከባልደረቦቼ መካከልም «የድሀውን ገቢ በእኛ ጥርጣሬ ምክንያት ለምን እናስቀርበታለን?» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም።

ስለ ምድጃው ብዙ አልናገርም፤ እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና። በገጠር ቤት ውስጥ ማገዶውን የሚፈጀው ይልቁንም እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በግማሽ ቀነሰ ማለት ደን ዳነ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ልጅ እንጨት ለመልቀም የምትሄድበት ቀን ቀነሰ፣ ኩበቱም ከእሳት ተርፎ ለማሳው ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው። በቤት ውስጥ በሚጤስ ማገዶ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በከተማ ያለነው ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር የምንችል ነን፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የጎደለው ወደ ገጠሩ የሚያደርሰው መስመር ነው።

የከብቱን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ የሚታዘበኝ ይኖራል። ኢትዮጵያ ከምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከመኪናና ከፋብሪካ ሳይሆን ከከብት፣ ከእርሻና ከደን መመንጠር ነው። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ይወጣዋል። ለዚህ መድኃኒቱ አርብቶ አደሩን ከብቱን መንጠቅ አይደለም፤ የተሻለ መኖና ሕክምና ያገኘች አንዲት ላም የብዙ ከሲታ ላሞችን ወተት ስትሰጥ፣ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ጋዝ ያንሳል። ይህ ከሁምቦው ሣር ጋር የሚገናኝ ሥራ ነው፤ በሌላ ጊዜ የእንስሳት ሐኪማችን በሰፊው ያስረዳችኋል።

በመጨረሻ ስለ ገንዘባችሁ። ለአስቸኳይ እርዳታ ብላችሁ የላካችሁት ሁሉ ለአስቸኳይ እርዳታ ብቻ ይውላል፤ ከእርሱ አንዲት ሳንቲም ለጉቶም ሆነ ለምድጃ አይወጣም። ለዚህኛው ሥራ የተለየ ሒሳብ ተከፍቷል። ወደዚያ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው በመላኪያው ወረቀት ላይ «ለደን ማገገም» ብሎ ይጻፍ፤ ምንም ካልተጻፈበት እንደ እስካሁኑ ለእህል ይውላል። የመጀመሪያው ክርከማ የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከጠጠረ በኋላ በጥቅምት ነው። ለጊዜው የሚያስፈልገን የመከርከሚያ መጋዝ፣ ገጀራና ለጥበቃ የሚቆሙ ሰዎች አበል ነው። የመጠቀሚያ መብቱ ሰነድ በወረዳው ካልተፈረመ ግን አንድም ጉቶ አንነካም።